ላሟ የምታየውን ማየት

ወጣቷ ጎንበስ ብላ ከብቶች በሚነዱበት ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ትገባለች። ከብት ነጂዎቹ «ምን ነካት?» ይላሉ። እሷ ግን የምትፈልገው ከብቶቹን የሚያስደነብራቸውን ነገር ነው፤ የተንጠለጠለ ሰንሰለት፣ ነፋስ የሚያወዛውዘው ጨርቅ፣ መሬት ላይ የተጋደመ ጥላ። ሚክ ጃክሰን ያዘጋጀው፣ ኤችቢኦ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእይታ ያበቃው «ቴምፕል ግራንዲን» ፊልም ሰባት የኤሚ ሽልማት አግኝቷል፤ እኔ ግን የማስታውሰው በዚህ ትዕይንት ነው።

ታሪኩ እውነተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ቦስተን የተወለደችው ግራንዲን ኦቲዝም አለባት፤ አፏን የፈታችውም ዘግይታ ነው። ሐኪሙ ልጅቷ ተቋም ትግባ ሲል እናቷ እምቢ አለች። አሪዞና፣ በአክስቷ የከብት እርባታ ስትከርም፣ ከብቶቹ ለክትባት ማጥበቂያ ብረት ውስጥ ገብተው ጎንና ጎናቸው ጥብቅ ሲል ረጋ እንደሚሉ አየች። ራሷም ገባችበት፤ ጭንቀቷ ረገበላት። ኋላ የእንስሳት ሳይንስ ፕሮፌሰር ሆነች፤ የበረትና የቄራ ንድፎቿም በአገሯ ተስፋፉ።

ፊልሙን በቅርቡ ደግሜ ያየሁት በአንድ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ጥቂት ልጆች ይዘን፣ ኮልፌ ከአጠና ተራ ብዙም ሳንርቅ፣ አንዲት እናት ላሞች ወደሚያረቡበት ግቢ እንሄድ ነበር። ግቢው ጠባብ ነው፤ አራት ዲቃላ ላሞች፣ አንዲት ጥጃ፣ በማዳበሪያ ከረጢት የተቆለለ ፍሩሽካ፣ ጥግ ላይ የአተላ በርሜል። የፈራነው የላሞቹን ቀንድና እርግጫ ነበር። አንዱ ልጅ በሩ ላይ ሲደርስ ጆሮውን ይዞ ተተከለ። «አትነካህም፣ እያት እስቲ» ብንለውም ላሟን ጭራሽ አላያትም። «ተዉት፣ አትጎትቱት» አሉ የላሟ ባለቤት። «ይቺም ከሆለታ የመጣች ቀን አልገባም ብላ ደጅ አሳድራናለች።»

ያኔ ፊልሙ ትዝ አለኝና ከልጁ እኩል ጎንበስ አልኩ። ከበሩ በላይ ምስማሩ የተነቀለ ቆርቆሮ፣ ነፋስ በነካው ቁጥር ይንገጫገጫል። ቆርቆሮ ሥር ላደግን ሰዎች ይህ ከድምፅ አይቆጠርም። አንዱ ወጥቶ ድንጋይ ጫነበት። ልጁ ገባ።

የፊልሙ ትልቁ ችሎታ እዚህ ላይ ነው። የጣሪያ ማራገቢያው ጆሮ ሲበጥስ፣ በራሱ የሚከፈተው የገበያ አዳራሽ በር አንገት የሚቀላ ስለት ሲመስላት፣ ተመልካቹ ስለ ኦቲዝም ትምህርት እየተሰጠው አይደለም፤ አብሮ እየተሳቀቀ ነው። «ጫማ» ሲባል በሕይወቷ ያየችው ጫማ ሁሉ ተራ በተራ ስክሪኑን ይሞላዋል። ግራንዲንን ሆና የተወነችው ክሌር ዴንስም አረማመዷንና ድምጿን የያዘችው ለማስመሰል ያህል አይደለም፤ ገጸ ባሕርይዋን አንድ ጊዜም መሳቂያ አላደረገቻትም።

ቅሬታዬ ሌላ ነው። ፊልሙ ግራንዲንን እንድናከብራት ውጤት ያስቆጥራታል። የሚያሾፍባት ሁሉ ያፍራል፣ ፈጠራዋ ይሠራል፣ ሙዚቃው ከፍ ይላል። ምንም የማይፈጥረው ልጅስ? የተማረችበት የግል ትምህርት ቤትና የአክስቷ እርባታም እንደ ዋዛ ይታለፋሉ፤ እነዚህ ባይኖሩ የእናቲቱ እምቢታ ብቻውን የት ያደርሳት ነበር? በእኛም አገር ወይዘሮ ዘሚ የኑስ፣ እሳቸውም ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት፣ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው የጆይ ማዕከልን ሲከፍቱ፣ አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለውን ልጅ እርግማን ነው ብሎ እቤት የሚደብቀው ብዙ ነበር። ኮልፌ ቀራንዮ ራሱ መገለልን ያውቃል፤ ዘነበወርቅ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ከከተማው ርቀው የተቀመጡበት ሰፈር ነው፣ አለርት ሆስፒታልም ዛሬ ድረስ እዚያው አለ።

ስለ ቄራውም ፊልሙ ይቸኩላል። ከብት የምትወድ ሴት የከብት መታረጃን ማሳመሯ፣ ፊልሙ በጥቂት ቃል ቢያልፈውም፣ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ለፋሲካ ግቢ የታሰረን በግ ሦስት ቀን ሲቀልብ የሰነበተ ልጅ ያለበት ቤት ይህን ያውቀዋል።

በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ላም የሚነሳው በሚሰጠው ወተት ሊትር ነው። እኛ የሄድንበት ግቢ ግን ያን ቀን የሰጠን ሌላ ነበር። መርሐ ግብራችን ረጅም ነበር፤ መኖ ማብላት፣ አስተላለቡን ማየት፣ እበቱ ኩበት ሲሆን ማሳየት። ከጆሮው ላይ እጁን ያወረደው ልጅ ከጥጃዋ አጠገብ ድርቆሽ ላይ ተቀመጠ፤ በሻካራ ምላሷ ክንዱን ላሰችው፣ እሱም አልሸሸም። አርባ ደቂቃ ያህል ሌላ ምንም አላደረገም። ፊልሙን ያዘጋጀው ሰው ቢሆን ይህን ሳይቆርጠው አይቀርም ነበር።

ልጁ ያን ሸሚዙን አላወልቅም ብሎ በዚያው እንደተኛ እናቱ በማግስቱ ነገረችኝ።