ሁሉም «መጽሔት» አንድ አይደለም

በዚህ እትም የምንሄሰው አንድን መጽሐፍ ሳይሆን የራሳችንን የማስረጃ አጠቃቀም ነው። ባለፈው ወሰነ ትምህርት እዚህ መፋዛ ተማሪዎቻችን ስለ ስደተኛና ስለ ገዳሪፍ ደን የጻፉትን ስናርም፣ ብዙዎቹ «ደኑን ያጠፋው ስደተኛው ነው» ብለው ደምድመው አገኘናቸው። ማስረጃቸውስ? ፎቶግራፍ የበዛበት፣ ሁለት ገጽ የማይሞላ የመጽሔት ጽሑፍ! ታዲያ ይሄ ራስን ያለ ምስክር መክሰስ አይደለም ትላላችሁ?

ስሕተቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ መነንም፣ የካቲትም፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚያሳትመው ጆርናል ኦፍ ኢትዮጵያን ስተዲስም «መጽሔት» ይባላሉ። ሥራቸው ግን ለየቅል ነው። ለሁሉም አንባቢ የሚወጣውን መጽሔት አብዛኛውን ጊዜ ጋዜጠኛ ይጽፈዋል፣ አዘጋጁ አይቶ ያሳትመዋል፤ ምንጭ የመዘርዘር ግዴታ የለበትም። በጥናት መጽሔት የሚወጣውን ጽሑፍ ግን ከመታተሙ በፊት የሙያው ሰዎች ይመረምሩታል። ጸሐፊው መረጃውን ከየትና እንዴት እንዳገኘ ስለሚያሰፍር፣ የተጠራጠረ ሰው ሄዶ ማጣራት ይችላል።

የራሳችንን ጉዳይ እንውሰድ። ኤርትራዊው ምሁር ገይም ክብረአብ በ1996 እ.ኤ.አ. በገዳሪፍ አካባቢ ስላለው መፈናቀልና የመሬት አጠቃቀም መጽሐፍ አሳትመዋል። በ1997 ደግሞ ዲዛስተርስ በተባለው የጥናት መጽሔት፣ ስደትንና የአካባቢ መጎዳትን የሚያያይዘውን ክርክር ሄሰዋል። ከ1940ዎቹ ጀምሮ በገዳሪፍ የተስፋፋው የትራክተር እርሻም ብዙ ደን መንጥሯል። ተማሪዎቻችን ያነበቡት ጽሑፍ ይህን አንድም ቦታ አላነሣም። ስደተኛው እንጨት አይቆርጥም እያልን አይደለም፤ ይቆርጣል። ነገር ግን «ስንት እጁ የማን ነው?» የሚለው በፎቶግራፍ አይመለስም።

ይህ ሲባል መጽሔቱ ይጣል ማለት አይደለም። ወሬውን ቶሎ ያደርሳል፣ ጥያቄ ያጭራል። የጥናት መጽሔትም ቢሆን ይሳሳታል፤ በውስጡ የሚወጣ ደብዳቤና የመጽሐፍ ግምገማም እንደ ጥናቱ አይመረመርም። ስለዚህ ሽፋኑን ሳይሆን ጽሑፉን ጠይቁት፦ ማን ጻፈው? እንዴት አወቀ? ምንጩ የት አለ? ማን መረመረው?

ጥፋቱ የእኛ የመምህራንም ነው። «ማስረጃ አምጡ» አልን እንጂ ማስረጃ እንዴት እንደሚመዘን አላስተማርንም። በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት ከዚያ እንጀምራለን።