ኮርሱ ተመዘነ፤ ተማሪውስ?
በኦንላይን የጤና ትምህርት የጥራት መመዘኛ ላይ የቀረበ ሂስ

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ-19 ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርት ባቋረጡ ጊዜ፣ ብዙ መምህራን በእጃቸው የነበረውን የፓወር ፖይንት ጽሑፍ ኢንተርኔት ላይ ጭነው ማስተማር ነበረባቸው። የጭንቅ ጊዜ መፍትሔ ነበርና አይወቀስም። ዛሬ ግን የጤና ባለሙያው የሥራ ፈቃዱን ለማሳደስ ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ ትምህርት መውሰድ አለበት፤ ከዚህም ከፊሉ በኢንተርኔት ይሰጣል። በመሆኑም የኦንላይን ኮርስ ጥራት የመምህሩ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የበሽተኛውም ጉዳይ ሆኗል።

ለኮርስ አዘጋጆች መመሪያ ከሚሆኑት መመዘኛዎች አንዱ፣ በ2003 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ሜሪላንድ ግዛት በኮሌጆች ጥምረት የተጀመረው ኳሊቲ ማተርስ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ሰባተኛ እትሙ 8 ዐበይትና 44 ዝርዝር መስፈርቶች አሉት። ትልቁ ቁም ነገሩ መጣጣም ነው፤ ይኸውም የኮርሱ ዓላማ፣ ምዘናው፣ ማስተማሪያ ጽሑፉ፣ የተማሪው ተግባርና ቴክኖሎጂው አንዱ ሌላውን መደገፍ አለበት ማለት ነው። ዓላማውም ሊለካ በሚችል ግሥ እንዲጻፍ ይጠይቃል።

የዚህን ጥቅም ለማሳየት የራሴን ገጠመኝ ልጥቀስ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሳይተነፍስ የተወለደን ጨቅላ ስለ መርዳት አንድ የኦንላይን ኮርስ ወስጄ ነበር። ዓላማው «ሠልጣኙ በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡ ባግ አየር መስጠት ይጀምራል» ይል ነበር። ፈተናው ግን የምርጫ ጥያቄ ብቻ ነበር። መለስኩ፤ የምስክር ወረቀቴንም ወሰድኩ። ጭምብሉ ፊት ላይ በትክክል መግጠሙን፣ ደረትም ከፍ ማለቱን ያየልኝ ግን አልነበረም። ዓላማው «ያደርጋል» ሲል ፈተናው የለካው «ያውቃል» የሚለውን ብቻ ነበር። ጆርጅ ሚለር በ1990 እ.ኤ.አ. የሐኪምን ብቃት በአራት እርከን ሲያስቀምጥ፣ ማወቅ ከታች፣ በሥራ ላይ መፈጸም ከላይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። መመዘኛው በአግባቡ ሥራ ላይ ውሎ ቢሆን ኖሮ ይህ ክፍተት ገና በዝግጅት ላይ ሳለ ይታይ ነበር።

ስለዚህ «የፈረንጅ መመዘኛ ለእኛ አይሆንም» ከሚሉት ጋር አልስማማም። ነገር ግን ሁለት ጉድለቶቹን ሳንመረምር መቀበልም አይገባንም።

አንደኛ፣ መመዘኛው የሚገመግመው የኮርሱን ንድፍ እንጂ የማስተማሩን ሂደት አይደለም። ጥሩ ንድፍ ያለው ኮርስ፣ ለተማሪው ጥያቄ ለሳምንታት መልስ በማይሰጥ መምህር እጅ ሊወድቅ ይችላል። ጥሩ የሕክምና መመሪያ ግድግዳ ላይ መለጠፉ ብቻውን በሽተኛ እንደማያድን ሁሉ፣ ንድፉም ብቻውን ባለሙያ አያወጣም።

ሁለተኛ፣ መመዘኛው ለኮርሱ የሚያስፈልገው ዝቅተኛ ቴክኖሎጂ በግልጽ እንዲነገር፣ እንዴት እንደሚገኝም እንዲጠቆም ያዝዛል። ይህ መሣሪያውና መስመሩ በገበያ ላለበት አገር ይበቃል። ማራኪ ግቢ ተቀምጦ ኮርስ የሚያዘጋጅ መምህር የሚያገኘው መስመርና በደባርቅ የሌሊት ተረኛ የሆነች አዋላጅ ነርስ በስልኳ የምታገኘው ግን አንድ አይደሉም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ ለዚህች ነርስ ፈጣን ኢንተርኔት እንደሚያስፈልጋት መንገር ምን ይፈይድላት ነበር? በሰንጠረዡ ላይ ሙሉ ነጥብ ያገኘው ኮርስ ለእሷ እንዳልተዘጋጀ ይቆጠራል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ1947 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መንደር እየላከ ያሠለጥን ነበር። የቡድን ሥልጠናው ዛሬም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ቀጥሏል። ይህ ባህል ተማሪው በሚሠራበት ቦታ፣ በሚሠራው ሥራ ይመዘን የሚል የራሳችን የጥራት መመዘኛ ነው።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲዎቻችን በውጭው ሰንጠረዥ ላይ ሦስት ጥያቄዎች እንዲጨምሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። ኮርሱ በስልክ ላይ ወርዶ ያለ ኢንተርኔት መጠናት ይችላልን? እጅን የሚጠይቅ ዓላማ ሁሉ በሥራ ቦታ፣ ልምድ ያለው ባለሙያ እያየ፣ በማረጋገጫ ዝርዝር ይመዘናልን? ኳሊቲ ማተርስ ለአንድ ኮርስ ሦስት ገምጋሚዎች ይመድባል፤ ከእኛ ገምጋሚዎች አንዱ በጤና ጣቢያ የሚሠራ ባለሙያ ነውን?

ለእነዚህ ጥያቄዎች «አዎን» የማይል ኮርስ፣ ነጥቡ የቱንም ያህል ቢሆን፣ የምስክር ወረቀት ሊሰጥበት አይገባም። ወረቀቱን አምኖ ልጁን የሚያስረክበን ወላጅ፣ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ብቻ እንደነበረ አያውቅምና።