የፊሊስ ዊትሊ ግጥም እንዴት ይመዘናል?

ፊሊስ ዊትሊ እ.ኤ.አ. በ1761 ከምዕራብ አፍሪካ በባሪያ ንግድ መርከብ ተጭና ቦስተን የደረሰች፣ ገና በልጅነቷ ለጆን ዊትሊ ቤተሰብ የተሸጠችና በ1773 የግጥም መድበሏ ለንደን ላይ የታተመላት ገጣሚ ናት። ሥራዎቿን የሚመዝን አንባቢ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው ከጌቶቿ ዓለም የተረከበችውን የግጥም ሥርዓት ለምን ዓላማ እንዳዋለችው ነው።

የመጀመሪያው መመዘኛ የስንኝ አሠራር ነው። ዊትሊ አዘውትራ የተጠቀመችው እንግሊዛዊው ገጣሚ አሌክሳንደር ፖፕ የተካነበትን፣ በየስንኙ አሥር ቀለም፣ ማለትም አሥር የድምፅ ክፍለ ቃል፣ እየያዘ ሁለት ሁለቱ ስንኝ ቤት የሚመታበትን ቅርጽ ነው። ይሁንና ምጣኔ መጠበቅ ብቻውን ብቃትን አያሳይም፤ በአንዳንድ የሙሾ ግጥሞቿ ስንኙ ቢሞላም ሐሳቡ ከተለመደ የማጽናኛ ቃል አያልፍም።

ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ስለመወሰዷ የጻፈችው ባለስምንት ስንኝ ግጥም ግን ቅርጽና ሐሳብ እንዴት እንደሚጋጠሙ በጉልህ ያሳያል። የመጀመሪያዎቹ አራት ስንኞች በነጠላ አንደኛ መደብ ስለ እምነቷ ምስጋና ያቀርባሉ፤ አምስተኛው ወደ ብዙ ቁጥር ተሻግሮ በወገኖቿ ላይ የሚደርሰውን ንቀት ያነሣል፤ ስድስተኛው የናቂዎቹን ቃል ራሱን ያሰማል፤ ከዚያም ሰባተኛው በትእዛዝ አንቀጽ ይከፈትና ባሪያ የተባለችው ሴት ክርስቲያኖችን «አስታውሱ» ባይ ትሆናለች። በሰምና ወርቅ የሠለጠነ አንባቢ ሰሙ ትሑት ምስጋና፣ ወርቁ ደግሞ ወንድማማችነትን እየሰበኩ ሰውን በሚሸጡ ላይ የቀረበ ክስ መሆኑን ለማየት አይቸገርም።

ሁለተኛው መመዘኛ የተደራሲ አያያዝ፣ ማለትም ግጥሙ ለማን እንደሚናገርና እንዴት እንደሚያግባባ ነው። የእንግሊዝ የቅኝ ግዛቶች ሚኒስትር ለነበረው ለዳርትመዝ ኧርል በጻፈችው ግጥም፣ ዊትሊ በውዳሴ ጀምራ የነጻነት ፍቅሯ ከየት እንደመነጨ ስታስረዳ ከአገሯ መነጠቋንና የአባቷን ሐዘን ታነሣለች። በውዳሴው ልቡ የተከፈተ ሹም ክሱን ሳይሰማ ማለፍ አይችልም፤ የግጥሙ ጥበብም እዚህ ላይ ነው።

አሜሪካዊው ፖለቲከኛ ቶማስ ጄፈርሰን የዊትሊን ሥራ ለሂስ እንኳ የማይበቃ ብሎ አጣጥሎታል። ፍርዱ ግን የስንኞቿን አሠራር አልመረመረም፤ ስለዚህ የዊትሊን ግጥም የሚመዝን ሁሉ በመጀመሪያ ስንኞች ላይ ሳይፈርድ፣ የሰዋስው መደቡና የተናጋሪው ድምፅ የሚለወጥበትን ቦታ ፈልጎ ሊያገኝ ይገባዋል።