አሥራ ሦስተኛው ወር በማሸጊያ ላይ

በእንግሊዝኛ በተጻፈ ሜኑ ላይ የበግ ጥብስ በአንዲት ፊደል ግድፈት የመብራት ጥብስ ሲሆን ፎቶው ከስልክ ስልክ ይዞራል። ይሳቅበት፤ ያስቃል። ለአራሚ ግን ከዚህ የሚቀል ስሕተት የለም። መብራት እንደማይጠበስ ሁሉም ስለሚያውቅ አንባቢው በልቡ አርሞ ያልፈዋል፤ የሚያዘው በግ ነው፣ የሚቀርብለትም በግ። ሊያስጨንቀን የሚገባው ማንንም ሳያስቅ ትክክል መስሎ የሚነበበው ነው።

ቀንን እንውሰድ። ጳጉሜን 3 ቀን 2016 ዓ.ም. በታሸገ በርበሬ ላይ 03/13/2016 የሚል ማኅተም ቢመታበት አዲስ አበባ ላይ ግር የሚለው የለም። ያው እሽግ ዋሽንግተን አካባቢ ሱቅ ሲደርስ ግን፣ አሜሪካኖች ወርን ከቀን ስለሚያስቀድሙ፣ ማርች 13 ቀን 2016 ተብሎ ይነበባል። በእነሱ አቆጣጠር የታሸገው ሴፕቴምበር 8 ቀን 2024 ነበር፤ በርበሬው መደርደሪያ ላይ ሳይወጣ ስምንት ዓመት ተኩል ያህል አረጀ ማለት ነው። አውሮፓ ቢላክ ይሻለው ነበር፤ እዚያ ቀን ስለሚቀድም አንባቢው አሥራ ሦስተኛ ወር አይቶ ይስቃል፣ ከሳቀ ደግሞ ይጠይቃል። የባሰው በተቃራኒው ያለው ነው፦ ከውጭ በገባ ቆርቆሮ ላይ ያለው 2024 በእኛ አቆጣጠር ለሚያነብ ሰው ገና ያልደረሰ ዓመት ስለሚመስል፣ ጊዜው ያለፈበት ምግብ ያላለፈበት ሆኖ ይሸጣል። ወሩን በፊደል መጻፍና «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማከል ይበቃ ነበር።

የይዘት ዝርዝሩም እንዲሁ ነው። አዲስ ማሸጊያ ብዙ ጊዜ የሚዘጋጀው በቀድሞው ምርት ፋይል ላይ ስለሆነ፣ ብስኩቱ የወተት ዱቄት ቢጨመርበትም «የጾም» የሚለው ቃል ባለበት ሊቀር ይችላል። ለጾመኛው የሕሊና ጉዳይ ነው፤ ወተት አለርጂ ለሆነበት ሰው ግን የሕይወት። ውጭ አገር ጤፍ በስንዴ ወይም በገብስ ዱቄት ሲደባለቅ ሜኑው «የጤፍ እንጀራ» እንዳለ ከቀጠለ፣ ግሉተን ለሚጎዳው ተመጋቢ አንድም የፊደል ግድፈት የሌለበት አደጋ ነው። «ቅመማ ቅመም» የሚለው ጥቅል ስምም ብዙ ይሸፍናል፤ አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ሰሊጥ በስሙ እንዲጠራ ያስገደደችው በከንቱ አይደለም።

ግድፈት የበዛበት ሜኑ ወጥ ቤቱንም ያስጠረጥራል የሚሉ አሉ። ስለ ትልቅ ፋብሪካ ከሆነ እቀበላለሁ፤ ለዲዛይን የከፈለ ለእርማት የሚከፍለው አያጣም። ስለ ትንሽ ምግብ ቤት ግን አልስማማም። ሽሮው የሚጥመው በወጥ ሠሪዋ እጅ ነው፤ ሜኑውን የተየበው ደግሞ ምናልባት የማተሚያ ቤቱ ልጅ ነው። («ጾም» ነው «ፆም» እያልን የምናጠፋውን ጊዜ ባልቆጥረው ይሻላል።) ሌላው ተቃውሞ ጠንከር ይላል፦ ቀንና ይዘት የጥራት ተቆጣጣሪው ሥራ ነው፣ አራሚው ምን አገባው? ተቆጣጣሪው ግን የሚመረምረው ከረጢቱ ውስጥ ያለውን ነው፤ ያንን ከረቂቁ ጽሑፍ ጋር የሚያስተያይ ካልተመደበ በሁለቱ ክፍሎች መካከል ይወድቃል። አለርጂ አስነሺ ነገር ሳይገለጽ መቅረቱ በአሜሪካ ምግብ ከገበያ ከሚሰበሰብባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ስለዚህ አራሚው ከረቂቁ ጋር ወቅታዊውን የምርት ቀመር አብሮ ይጠይቅ። ፋብሪካው ምስጢር ነው ካለ መጠኑን ትቶ ስሞቹን ብቻ ይስጥ፤ እነሱማ ያው ማሸጊያው ላይ ሊታተሙ ነው።