ከዓሣው ሆድ በኋላ፦ የዮናስ አራተኛ ምዕራፍና የምሕረት ጥያቄ

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጾመ ነነዌ ሰኞ ገብቶ ረቡዕ ይፈጸማል። በባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም በቤተ ክርስቲያን የበዓላትና የአጽዋማት ቀመር፣ መባጃ ሐመር ተሰልቶ አስቀድሞ የሚታወቀው የነነዌ መግቢያ ነው፤ ዐቢይ ጾም የሚውልበትም 14 ተውሳክ (የቀን ጭማሪ) ተጨምሮበት ይገኛል። የግብፅና የሶርያ አብያተ ክርስቲያናትም ይጾሙታል፤ አይሁድ ደግሞ መጽሐፈ ዮናስን በዮም ኪፑር ከሰዓት በኋላ ያነቡታል። ይህን ያህል ለንስሓ የሚጠቀስ ታሪክ ግን ብዙ ጊዜ መጨረሻው ተቆርጦ ይተረካል። ዓሣው ነቢዩን ይተፋል፣ ከተማዪቱ ማቅ ትለብሳለች፣ እግዚአብሔር ይምራል፤ ስብከቱም እዚያ ላይ ያበቃል። ለዛሬ ክርስቲያን ግን የመጽሐፉ ዋና ትምህርት ያለው በቀረው በአራተኛው ምዕራፍ ነው።

ነነዌ በጤግሮስ ዳር፣ ከዛሬዋ ሞሱል አጠገብ የነበረች የአሦር ታላቅ ከተማ ናት። አሦር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ722 ገደማ ሰማርያን ይዞ ሕዝቧን ያፈለሰ መንግሥት ነው። ዮናስም በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 14 ላይ የምናገኘው የእስራኤል ድንበር እንደሚመለስ የተናገረ ነቢይ ነው። ስለዚህ ለመጽሐፉ አንባቢዎች ነነዌ ተራ የኃጢአተኞች ከተማ አልነበረችም፤ የቁስላቸው ስም ነበረች። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

ዮናስ ወደ ተርሴስ የሸሸው ፈርቶ ነው ይባላል። እርሱ ራሱ በአራተኛው ምዕራፍ የሚሰጠው ምክንያት ግን ሌላ ነው፤ እግዚአብሔር መሐሪና ታጋሽ እንደሆነ ስለሚያውቅ ሸሸ። ቃሉ በዘፀአት 34 ለሙሴ የተገለጠውን የእግዚአብሔርን ባሕርይ ይከተላል። እምነቱ ስሕተት የለበትም፤ ምስክርነቱን ግን ክስ አድርጎ ያቀርበዋል። ከዚያም ከከተማዪቱ በስተ ምሥራቅ ዳስ ሠርቶ የሚሆነውን ለማየት ይቀመጣል። ቅል በቅሎ ሲያጠላለት እጅግ ደስ ይለዋል፤ ትል መትቶት ሲደርቅ ሞቱን ይመኛል። እግዚአብሔርም ለአንዲት ቅል ያዘነውን ነቢይ ከ120,000 ስለሚበልጡ የነነዌ ሰዎችና ስለ ብዙ እንስሳት እኔስ አላዝንምን ብሎ ይጠይቀዋል። የዮናስ መልስ አልተጻፈም፤ መጽሐፉ በጥያቄ ይዘጋል።

እዚህ ላይ ተበዳዩ ሊያነሣው የሚገባ ተቃውሞ አለ፦ ምሕረት ፍትሕን ይሽራል ወይ? ምዕራፍ ሦስት አይሽርም ይላል። የነነዌ ንጉሥ ዐዋጅ ሰውንም እንስሳንም ማቅ ካስለበሰ በኋላ እያንዳንዱ በእጁ ካለው ግፍ እንዲመለስ ያዛል። እግዚአብሔርም ያየው ሥራቸውን ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በሚሽና የታዓኒት ክፍል ይህንኑ አጽንተው ነበር፤ የታየው ማቁና ጾሙ ሳይሆን ከክፉ መንገድ መመለሳቸው ነው። እንግዲህ የነጠቀው እንደነጠቀ፣ ያፈናቀለው እንዳፈናቀለ ሆኖ የሚጠራ ዕርቅ ከዮናስ መጽሐፍ ድጋፍ አያገኝም። በአንጻሩ ግን የተመለሰውን በዳይ ጥፋት መመኘትም ከእግዚአብሔር ጋር ያጣላል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ የመጽሐፉ ክብደት ነው።

በጾሙ ሰሞን እግዚኦታ ስናደርስ ራሳችንን ከነነዌ ሰዎች ጋር እንቆጥራለን፤ ይህ ተገቢ ነው። ሆኖም በብሔርና በፖለቲካ ቂም በተራራቅንበት በዚህ ዘመን ብዙዎቻችን የተቀመጥነው በዮናስ ዳስ ውስጥ ነው። የምሕረትን ትምህርት በሚገባ እናውቃለን፤ ለባላንጣችን ሲደርስ ግን ያንገበግበናል። ጌታም በማቴዎስ 12 የነነዌ ሰዎች በፍርድ ቀን የሚነሡት በዚያ ትውልድ ላይ እንደሆነ ሲናገር ያስጠነቀቀው ለሃይማኖት ቅርብ ነን የሚሉትን ነበር። የነነዌን ረቡዕ የሚሰብክ መምህር አራተኛውን ምዕራፍ እስከ ጥያቄው ድረስ ያንብብ። ምእመኑም ንስሓ ገባ ቢባል ደስ የማይለው ሰው ማን እንደሆነ ለራሱ ይመልስ፤ የዮናስ መጽሐፍ ለእርሱ የተጻፈው ስለዚያ ሰው ነው።