በልጁ ቦታ የቆመው ፈረስ

ሰሞኑን ለሽያጭ የቀረበች የአንዲት ጣሊያን ሠራሽ የስፖርት መኪና ማስታወቂያ አነበብኩ። ዲኖ 246 ጂቲ ትባላለች፤ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1974 ከተሠሩት አንዷ ነች። ሞተሯ ወርዶ ታድሷል፣ ላሜራዋ ተፍቆ ቀይ ተቀብቷል፣ የወንበሮቿ ቆዳ ተቀይሯል። እሰየው! ዝገት ይከበር የምል ሰው አይደለሁም። የከነከነኝ፣ አፍንጫዋ ላይ «ዲኖ» የሚለው አርማ ተነስቶ የፌራሪ ፈረስ መተካቱ ነው። ሻጩ ግን «እንደ አዲስ» ይላታል። ኧረ ለመሆኑ፣ አዲስ ሳለች መቼ ፈረስ ነበራት?

የኤንዞ ፌራሪ ልጅ ዲኖ በ1956 በ24 ዓመቱ በሕመም ሞተ። በባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሞተር ሐሳብ ላይ እጁ ነበረበት ይባላል፤ አባትየውም ሞተሩን በልጁ ስም ጠራው። መኪናዋም ከፋብሪካ ስትወጣ የተጻፈባት «ዲኖ» ብቻ ነበር። እርግጥ የንግድ ስሌትም አለበት፤ ባለ አሥራ ሁለት ሲሊንደሮቹ ውድ ፌራሪዎች ከእሷ እንዲለዩ ተፈልጓል። ቢሆንም የተመረጠው የሟቹ ስም ነው። እኛ «ከመቃብር በላይ ስም ይውላል» የምንለውን ሰውየው በብረት ጻፈው። በኋላ ግን ብዙ ባለቤቶች ፈረሱን ለጠፉባት፤ ፌራሪ መባል ገበያ አለዋ!

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የምለው ነገር ነበር፦ የተቀደደ ገጽ መጠገን ሌላ፣ የደራሲውን ስም ፍቆ የዝነኛ ስም ማስገባት ሌላ። የመጀመሪያው መጽሐፉን ያድናል፤ ሁለተኛው ታሪኩን ይሰርቃል። ገንዘቡ ያላችሁ አንባቢዎች ካላችሁ ምክሬ አጭር ነው፤ ዋጋ ከመከራከራችሁ በፊት ፈረሱን አስነቅሉ፣ የልጁንም ስም ወደ ቦታው አስመልሱ።