የዓሣው ዓይንና የፕላስቲኩ ሣጥን

ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈበት ጊዜ ጀምሮ የካሜራ ሠሪዎች ድካም በአንድ አቅጣጫ የተጓዘ ይመስላል። ሌንሱ ይበልጥ እንዲጠራ፣ መስመሩ ይበልጥ እንዲቀና፣ ከመካከል እስከ ዳር ያለው ምስል እኩል እንዲጎላ ብዙ ዕውቀትና ብዙ ገንዘብ ፈሷል። ይህ ሁሉ ከተደከመ በኋላ፣ በሙያቸው የተመሰገኑ ሰዎች ሳይቀሩ የልጅ መጫወቻ የሚመስል የፕላስቲክ ካሜራ አንግተው፣ እሱም አልበቃ ብሏቸው ዓለምን እንደ ኳስ የሚያድበለብል ሌንስ ሲገጥሙበት የተመለከተ ሰው ግራ ቢጋባ አይፈረድበትም። ነገሩ የጠገበ ሰው ቅንጦት ነው? ወይስ የጠራው ሌንስ ሳያየው ያለፈው ነገር አለ? ለዚህ ጥያቄ ተገቢውን መልስ ለመስጠት በመጀመሪያ ሁለቱን ዕቃዎች ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል፤ ካሜራውና ሌንሱ የተወለዱት በተለያየ ቤት ነውና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የካሜራው የትውልድ አገር ሆንግ ኮንግ ነው። ዲያና የተባለችው ካሜራ በ1960ዎቹ ኮውሉን ውስጥ ይገኝ በነበረ የፕላስቲክ ፋብሪካ የተመረተች፣ አካሏ ብቻ ሳይሆን ሌንሷም ፕላስቲክ የሆነ፣ እጅግ ርካሽ ዕቃ ነበረች። ሆልጋ ደግሞ በ1982 ሊ ቲንግ ሞ በተባሉ ሰው ተነድፋ ለገበያ ቀረበች። የታሰበችውም ውድ ካሜራ ለመግዛት አቅም ለሌለው የቻይና ቤተሰብ ነበር። ርቀት የሚለካባት ምልክት ራሱ ይህን ይመሰክራል፦ የአንድ ሰው ሥዕል፣ ቀጥሎ የቤተሰብ፣ ቀጥሎ የብዙ ሰው፣ በመጨረሻም የተራራ። ቁጥር ማንበብ የማይወድ አባት ልጆቹን አሰልፎ ምልክቱን ወደ ቤተሰቡ ያዞራል፤ በቃ። ሆኖም 35 ሚሊ ሜትር ፊልም የቻይናን ገበያ ሲቆጣጠረው 120 በተባለው ሰፊ ፊልም የምትሠራው ሆልጋ በአገሯ ፈላጊ አጣች። ወዳጅ ያገኘችው ባሕር ተሻግራ ነው።

ወዳጅ ያስገኙላትም ጉድለቶቿ ናቸው። የሆልጋ ምስል መካከሉ በመጠኑ ይጠራል፤ ወደ ዳር በሄደ ቁጥር ይደበዝዛል፤ አራቱ ማዕዘናት ይጨልማሉ። የጀርባ ክዳኗ በደንብ ስለማይገጥም ብርሃን ሾልኮ ፊልሙን ያቃጥለዋል፤ ስለዚህ ባለቤቶቿ በጥቁር ፕላስተር ይለብጧታል። ይሁን እንጂ ይህ ድክመት በጥበበኛ እጅ ሲገባ ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ሁለት ምሳሌዎች ያስረዳሉ። አሜሪካዊቷ ናንሲ ሬክስሮት በዲያና ያነሣቻቸውን ፎቶግራፎች በ1977 «አዮዋ» በሚል ርዕስ በመጽሐፍ አሳትማለች። ሥዕሎቹ በአብዛኛው የተነሡት በኦሃዮ ክፍለ ግዛት ሲሆን፣ አዮዋ የተባሉት በልጅነት ትዝታዋ ምክንያት ነው። የደበዘዘው ዳር በመጽሐፉ ውስጥ ስሕተት ሆኖ አይታይም፤ የትዝታ ዳር ነው፤ ሰው የልጅነት ቤቱን ሲያስታውስ በሩን እንጂ ግድግዳውን ሁሉ አያስታውስምና። ዜና አንሺው ዴቪድ በርኔትም በ2000 የአል ጎርን የምርጫ ዘመቻ በሆልጋ አንሥቶ፣ በተከታዩ ዓመት የዋይት ሐውስ ዜና ፎቶ አንሺዎች ማኅበር ባዘጋጀው ውድድር ተሸልሟል። ባልደረቦቹ ሁሉ ውድ መሣሪያ ደግነው በቆሙበት ሥፍራ፣ የርካሹ ሣጥን ጨለማ ዳር ዓይንን ወደ ዋናው ሰው መርቶታል።

ሌንሱ ግን የመጣው ከቤተ ሙከራ ነው። ዓሣ ከውኃ ውስጥ ሆኖ ቀና ሲል ከውኃው በላይ ያለው ዓለም በሙሉ፣ ከአንዱ አድማስ እስከ ሌላው፣ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል። ከዚያ ክብ ውጭ ያለው የውኃው ገጽ እንደ መስተዋት ሆኖ የታችኛውን ዓለም ያንጸባርቃል። ይህ የሚሆነው ብርሃን ከአየር ወደ ውኃ ሲገባ ስለሚታጠፍ ነው። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዉድ በ1906 ይህን እይታ ለማሳየት በውኃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሥቶ «የዓሣ ዓይን» የሚለውን ስያሜ ለነገሩ አወጣለት። በ1924 እንግሊዛዊው ሮቢን ሂል ከመስተዋት የተሠራ ሰማይን በሙሉ የሚያነሣ ሌንስ አቀረበ፤ ዓላማው ደመናን ማጥናት ነበር። ከ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህም የዕፀዋት ተመራማሪዎች በጫካ ውስጥ ሌንሱን ወደ ላይ አቅንተው በቅጠል መካከል የሚያልፈውን ብርሃን ይለኩበታል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። የዓሣ ዓይን ሌንስ መስመርን የሚያጎብጠው ለቀልድ አይደለም። ቀጥ ያለውን ቀጥ አድርጎ የሚያሳይ ሌንስ 180 ዲግሪ የሚሰፋ እይታን በጠፍጣፋ ፊልም ላይ ሊያሳርፍ ከፈለገ ዳርቻ የሌለው ፊልም ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ ሁሉን ማየት የፈለገ ሰው መስመሩ እንዲጎብጥ መፍቀድ አለበት። መጣመሙ የሙላቱ ዋጋ ነው። በሌላ በኩል በምስሉ ማዕከል የሚያልፍ መስመር ምንጊዜም ቀጥ እንዳለ ይቆያል፤ አድማሱን በመካከል ያሳለፈ ፎቶ አንሺ ቀጥ ያለ አድማስ ያገኛል፤ ከፍ ወይም ዝቅ ያደረገው ግን ቀስት ያገኛል። እንግዲህ ጉብጠቱ የሚታዘዝ ነገር ነው ማለት ነው። የሚያዝዘው ሰው ሳይኖር ሲቀር ነው ፌዝ የሚሆነው።

ሌንሱ ከቤተ ሙከራ ወደ ገበያ የወጣው በ1960ዎቹ ነው። በ1965 የወጣው የበርድስ ጓዶች አልበምና በ1967 በአሜሪካ የታተመው የጂሚ ሄንድሪክስ የመጀመሪያ አልበም ሽፋኖች በዚህ ሌንስ የተነሡ ናቸው፤ የዚያ ትውልድ የአእምሮ ስካር መታወቂያ ሆነው ቀሩ። ከፕላስቲክ ካሜራ ጋር በሰፊው ያገናኘው ግን በ1992 በቪየና የተመሠረተው የሎሞግራፊ ማኅበር ነው። ማኅበሩ በ2005 እይታው 170 ዲግሪ የሆነ፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ላይ ክብ ምስል የሚያሳርፍ የፕላስቲክ ካሜራ አወጣ። በ2007 ደግሞ ዲያናን በአዲስ መልክ አምጥቶ ባለ 20 ሚሊ ሜትር የዓሣ ዓይን ሌንስ አዘጋጀላት። ለሆልጋም በፊቷ ላይ የሚጠለቅ ተጨማሪ ሌንስ ይገኛል። የሆልጋ ምርት በ2015 ተቋርጦ በ2017 እንደገና መጀመሩ የወዳጆቿን ጽናት ያሳያል።

የቪየናው ማኅበር መፈክር በአጭሩ ሲገለጽ፦ አታስብ፣ ዝም ብለህ አንሣ ይላል። መፈክሩ የመጣው ፎቶግራፍን ከባለሙያ ግዞት ለማውጣት ስለነበር በጊዜው ጥቅም እንደነበረው አይካድም። ሆኖም በዓሣ ዓይን ሌንስ ላይ ሲሠራበት የመፈክሩ ድካም ይገለጣል፤ ምክንያቱም ከሌንሶች ሁሉ ይበልጥ ማሰብን የሚጠይቀው ይኸው ሌንስ ነው። ጠባብ ሌንስ የማይፈለገውን ያስወጣል፤ ይህኛው ግን ሁሉን ያስገባል። የፎቶ አንሺው ጫማ፣ ጣቱ፣ ጥላው፣ የካሜራው ማንገቻ ሳይጠሩ ይመጣሉ። በዚያ ላይ የሆልጋ ማያ መስኮት ከሌንሱ ጋር አይገናኝም፤ ተጨማሪው ሌንስ ሲጠለቅባት በመስኮቱ የሚታየውና በፊልሙ ላይ የሚያርፈው ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ስለዚህ አንሺው የሚተማመነው በዓይኑ ሳይሆን በግምቱና በልምዱ ነው። በአራት ማዕዘን መጠን በአንድ የ120 ጥቅል ላይ የሚነሡት 12 ምስሎች ብቻ ናቸው። አሥራ ሁለቱ ሳይታሰብ ካለቁ፣ አጣቢው ቤት የሚመልሰው አሥራ ሁለት ጊዜ የተደገመ አንድ ቀልድ ነው።

ሁለቱ ዕቃዎች ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር አሁን ግልጽ ይሆናል። የፕላስቲኩ ሌንስ ደካማው ዳሩ ነው፤ የዓሣ ዓይንም ዓለምን አጥብቆ የሚጨምቀው በዳሩ ነው። ሁለቱ ጉድለቶች በአንድ ቦታ ላይ ይወድቃሉ። ከመስተዋት የተሠራ ጥሩ የዓሣ ዓይን ሌንስ ዳር ላይ ያለችውን ትንሽ መስኮት ሳይቀር ለይቶ ሊያሳይ ይችላል፤ በፕላስቲኩ ካሜራ ግን ዳሩ ጭጋግ ይሆናል። ሁሉን እንዲያይ የተፈለሰፈው መሣሪያ ያየውን ግማሹን ይረሳል። የዚህ ጥምረት ውበትም ድካምም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ዙሪያውን እንደ ሕልም ቀለበት አስቀርቶ መካከሉን ብቻ ያስረክበናል። እንግዲህ በመካከሉ የሚያኖረው የከበረ ነገር የሌለው አንሺ የሚያሳየን ባዶ ቀለበት ነው።

መካከሉን ለመሙላት ደግሞ መቅረብ ግድ ነው። በዚህ ሌንስ ሦስት እርምጃ ርቆ የቆመ ሰው ጉንዳን አክሎ ይታያል፤ ፊቱ ጎልቶ እንዲታይ ካሜራው ክንድ ከሚደርስበት ርቀት እንኳ ቀርቦ መግባት አለበት። ያን ያህል ሲቀርብ አፍንጫ ያብጣል፤ ግንባር ይወጣል፤ ጆሮ ወደ ኋላ ይሸሻል። ወዳጅ ለወዳጁ ሲያደርገው ሣቅ ነው፤ የተነሣው ሰው ነገ ካሜራውን ተቀብሎ አጸፋውን ይመልሳል። እንግዳ መንገደኛ በማያውቀው ከተማ በሠፈር ልጅ ወይም በጉልት ሻጭ ፊት ላይ ሲያደርገው ግን ሣቁ የአንድ ወገን ይሆናል። ፎቶ ቤት መሄድ ማለት ልብስን አጥቦ፣ ፀጉርን አበጥሮ፣ ቀጥ ብሎ መቆም በሆነበት አገር ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ማስረጃ አያሻውም። በፎቶ ቤቱ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው ካሜራውን የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ እንደ ክብሬ አሳየኝ። የፕላስቲኩ ሣጥን አስፈሪ ስላልሆነ ሰው ሳይጠራጠር ፈገግ ብሎ ይቆምለታል፤ የመሣሪያው አለማስፈራት በራሱ የአንሺውን ኃላፊነት ያከብደዋል እንጂ አያቀልለውም።

እንዲህ ሲባል ግን የሰውን ገላ ማጣመም ሁሉ ነውር ነው ማለት አይደለም። እንግሊዛዊው ቢል ብራንት በ1961 ባሳተመው የዕርቃን ሥዕሎች መጽሐፉ፣ ፖሊስ የወንጀል ሥፍራ ይመዘግብበት የነበረ ዓይነት አሮጌ የእንጨት ኮዳክ ካሜራ ተጠቅሟል። የካሜራው ሌንስ የዓሣ ዓይን ባይሆንም እጅግ ሰፊ ስለነበር ክንድና ጉልበት ከልክ በላይ ተለጥጠው ይታያሉ። ሆኖም ተመልካቹ አይሥቅም፤ ገላው እንደ ባሕር ዳር ድንጋይ፣ እንደ ኮረብታ ሆኖ ይታየዋልና። ብራንት በዚያ ካሜራ ላይ ለብዙ ዓመታት ሠርቶበታል፤ የት እንደሚያሳብጥ፣ የት እንደሚያቀጥን ያውቃል። ጥመቱ በእርሱ ዘንድ የተማረው ቋንቋ እንጂ ከሱቅ የገዛው ቀልድ አይደለም።

ለፕላስቲኩ የዓሣ ዓይንም የሚሰጠው ፍርድ ከዚህ ይቀዳል። ሥዕሉ ቀጥ ባለ ሌንስ ቢነሣ ምን ያጣ ነበር ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «ምንም» ከሆነ ሌንሱ የተጠለቀው ለማስዋብ ነው። ከምድር ላይ ሆኖ ቀና ብሎ የተነሣ የዛፍ ጥላ፣ ወይም ከምሰሶው ሥር ተቀምጦ ወደ ላይ የታየ የጎጆ ጣሪያ ግን ብዙ ያጣ ነበር። ጎጆ ከመጀመሪያውም ክብ ነው፤ ማገሮቹ በዙሪያ፣ ወራጆቹ ከጉልላቱ እንደ ጨረር ይወርዳሉ። በማዕከሉ የሚያልፈውን ቀጥ አድርጎ፣ ዙሪያውን አክብቦ የሚያሳየው ሌንስ በዚያ ቤት ውስጥ የሚያጣምመው ነገር እምብዛም የለም። የፕላስቲኩ ጨለማ ዳርም ጭስ የጠጣውን ግድግዳ አይበድለውም። በአንጻሩ በአራት ማዕዘን ሕንፃ ፊት ቆሞ ግድግዳውን እንደ በርሜል ማሳበጥ ለአንድ ጊዜ ያስደንቅ ይሆናል፤ ሁለተኛው ሥዕል ግን ከመጀመሪያው የሚጨምረው የለም።

ርካሹ ካሜራ ለድሃ ቤተሰብ፣ ክቡ ሌንስ ለደመና ተመራማሪ ተሠሩ። አንዱ የታሰበው ልጆቹን በፍቅር ለሚያሰልፍ አባት ነው፤ ሌላው ሰማይን በሙሉ ለሚሻ ሰው። ሁለቱን አንድ ላይ ያጋጠመ ፎቶ አንሺም ወይ በፍቅር መቅረብ፣ ወይ ቀና ብሎ ሙሉውን ማየት ይጠበቅበታል። ከሁለቱ አንዱም ሳይኖረው የሚያነሣው ሥዕል፣ ፊልሙን ከማቃጠሉ በፊት ክዳኑን ቢዘጋው ይሻላል።